ሁለቴ ብቻ ነው ያጠባኋት

አጥዋ ቁርሱን ሳይጨርስ ከገበታ ከተነሣ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። በሲማ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ለዚህ ሰው ሦስት ልጆች አሳድጋ፣ አንድ ቀብራ፣ ፀጉሯ የሸበተው እዚሁ ቤት ነው። ያን ቀን ጠዋት ዳቦውን አይቡ ላይ ጥሎ ተነሣ፣ በሩን ዘጋና ተመልሶ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ። ከታች ከወርክሾፑ የመጋዝ ጩኸት ይሰማል። የግብፅ የወንበርና የአልጋ ሠሪዎች ከተማ በሆነችው በድምያጥ ውስጥ መጋዝ የማይጮህበት ቤት የለም፤ እኛ ስንወለድም ስንሞትም ጎረቤት እንጨት እየሰነጠቀ ነው።

«የረፊቅ እናት፣» አላት በወንድ ልጃቸው ስም፣ ድምፁን አለስልሶ። አጥዋ ድምፁን ካለሰለሰ ደግሞ የባሰ ነው። «ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ ነው ያጠባሻት?»

«የቷን ልጅ?»

«የቷን ትላለች እንዴ። የወንድሜን ነዋ። ረሕማን።»

በሲማ ሳቋ መጣ። «ይሄን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል? ዓመት ሙሉ ነዋ። ጥርስ አብቅላ እስክትነክሰኝ ድረስ። አንተም እኮ አንዴ ደም አይተህ ‹ይቺ ድመት ናት ልጅ?› ብለህ ነበር።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ፣ እዚችው ወንበር ላይ…»

«ስሚኝ በሲማ። ሁለቴ ነው ያጠባሻት። አንዴ ማታ፣ አንዴ ጠዋት፣ ከዚያ ወተትሽ ደረቀ። ሁለቴ ብቻ።»

በሲማ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። ባሏ እንደማይቀልድ ገባት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሻዝሊ የአጥዋ ታላቅ ወንድም ነው፤ በዚያው ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራል። የወንበር ጀርባ ላይ አበባና ቅጠል በመሮ በማውጣት በሰፈሩ የሚስተካከለው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ መስኮት በሌለው ወርክሾፕ ውስጥ የእንጨት ብናኝና የቫርኒሽ ሽታ ሲምግ ኖሮ፣ ሳንባው እንደ አሮጌ ወንፊት ሆኖ አረፈው። እሱና ሚስቱ ኢንሳፍ ልጅ አልወለዱም። ብዙ ከጠበቁ በኋላ እናት አባቷ የማይታወቁ አራስ ልጅ ከሕፃናት ማሳደጊያ አመጡ። ረሕማ አሏት።

በእኛ ደንብ ደግሞ ያሳደጉት ልጅ እንደ ወለዱት አይቆጠርም። የአባትየውን ስም አትወስድም፣ አትወርስም። ይባስ ብሎ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ላሳደጋት ሰው ባዳ ናት፤ ፊቱ ፀጉሯን መሸፈን አለባት፣ ሚስቱ ከሞተች ደግሞ ከሱ ጋር ብቻዋን አንድ ቤት ማደር ነውር ነው። ለዚህ ያለው መላ ጡት ብቻ ነው። ከቤተሰቡ አንዷ ሴት ሕፃኗን ካጠባቻት ሥጋ ትሆናለች።

ያን ሰሞን በሲማ የወለደቻት ልጅ በተወለደች በሳምንቷ ሞታ፣ ጡቷ በወተት ተወጥሮ በትኩሳት ትንቀጠቀጥ ነበር። ኢንሳፍ ሕፃኗን በሻሽ ጠቅልላ ከፎቅ ወረደችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «ወተትሽ መሬት ከሚፈስ፣ ይቺን ዘመድ አድርጊልኝ፣» አለቻት። በሲማ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች። የሞተችባትን እንጂ ሌላ ማየት አልፈለገችም። ሕፃኗ ግን አፏን ከፍታ ጡቷን ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። እንግዲህ የዚያን ቀን የሆነውን ሌላ ሰው አያውቀውም፤ በሲማ አለቀሰች፣ ልጅቷ ጠባች፣ ሁለቱንም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲያ ረሕማ የአጥዋና የበሲማ የጡት ልጅ፣ የረፊቅ እህት፣ የሻዝሊ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ተባለች። ፀጉሯን ሳትሸፍን በሁለቱም ፎቅ እየሮጠች አደገች። ኢንሳፍን «እማዬ»፣ በሲማን «እማ» ትላለች። ኢንሳፍ ስትሞት ማንም ሰው አፉን ሳይከፍት ከሻዝሊ ጋር መኖሯን ቀጠለች፤ ዛሬም ሳንባው እምቢ ያለውን ሰው የምታገላብጠው፣ ገላውን የምታብሰው፣ ሾርባ በማንኪያ የምታጎርሰው እሷው ናት።

አሁን ወደ አጥዋ ቁርስ እንመለስ። ኢንሳፍ በሞተች ሰሞን ሚላድ የሚባል የኢንሹራንስ ወኪል ወርክሾፑን ሲዞር ሻዝሊን አግኝቶት ነበር። ሻዝሊ የሕይወት ኢንሹራንስ ገባ። ቤቱና ወርክሾፑ እሱ ሲሞት በሕግ የሚሄደው ለወንድሙ ነው፤ ይሄ ገንዘብ ግን ውርስ ስላልሆነ ለፈለገው መስጠት ይችላል። ሚላድ «ተጠቃሚው ማን ይሁን?» ሲለው ሳያቅማማ «ረሕማ፣ ልጄ፣» አለው። ለማንም አልተናገረም፤ ለራሷም ጭምር። ሲጋራውን ትቶ፣ ሥጋውን ቀንሶ ይከፍል ነበር።

ታዲያ ሰሞኑን ሚላድ በሽተኛውን ሊጠይቅ መጥቶ አጥዋን ወርክሾፑ በር ላይ አገኘው። ክፉ ሰው አይደለም ሚላድ፤ ግን አፉ አያርፍም። «አይዞዎት፣» አለው፣ «ወንድምዎ ልጅቷን ሜዳ ላይ አልጣሏትም፣» ብሎ የገንዘቡን ልክ በጆሮው ሹክ አለው። አጥዋ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

«ረፊቅ ካገባት፣» አላት አሁን በሲማን፣ «ገንዘቡ ከቤት አይወጣም። ልጁም የራሱን ሱቅ ይከፍታል። እሷም ብትሆን ሜዳ ላይ ከምትቀር ባል አገኘች።»

«አጥዋ፣ ወንድሟ እኮ ነው።»

«ወንድሟ የሚሆነው አምስት ጊዜ ጠግባ ከጠባች ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ምንም አይደለም። ሸህ መንሱርን ጠይቄያለሁ።»

«ሸሁ ሁለቴ ነው አሉህ?»

«ሸሁ ምን ያውቃሉ። ኢንሳፍ ሞታለች፣ እናቴ ሞታለች። ‹የምታውቀው አጥቢዋ ናት፣ ትምጣና ፊቴ ትናገር› ነው ያሉኝ። ሐሙስ እዚህ ይመጣሉ።»

«እኔ በፈጣሪ ስም እንዲህ ያለ ነገር አልናገርም።»

አጥዋ ተነሣ። ጠረጴዛውን አልመታም፣ አልጮኸም። «ሸሁ ፊት ከሁለት በላይ አንድ ብትጨምሪ፣» አላት፣ «በሦስት የተፈታሽ ነሽ።»

ይሄ ቃል እኛ ዘንድ ከአፍ ከወጣ ቀልድ የለውም። ነገ ተጸጸትኩ ቢል ራሱም ሊመልሰው አይችልም። በሲማ ወዴት ትሄዳለች? አባቷ ቤት ወንድሞቿ ከነሚስቶቻቸው ታጭቀዋል። ያላገቡ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ የተፈታች ሴት ልጆችን ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? የተረፈውን ዳቦ ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወርክሾፑ ወረደች። ረፊቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር በወርቅ ቀለም ይቀባል።

«አንተስ?» አለችው። «እህትህን ታገባለህ?»

ቀና ብሎ አላያትም። «አባዬ እህትህ አይደለችም ብሏል።»

«ጡቴ ላይ ሆና ፀጉሯን ትጎትትባት አልነበረም? እኔ እጅህን እየመታሁህ?»

«ልጅ ነበርኩ። አላስታውስም።»

«እኔ እናትህስ ምን አልኩህ?»

«አንቺማ እስካሁን ምንም አላልሽም፣» አለና ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።

በሲማ ደረጃውን ተመልሳ ወጣች። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለችም።

በማግሥቱ ረሕማ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ትከሻዋ ላይ እርጥብ ፎጣ አለ። «እማ፣ አባ ይጠራሻል። ቶሎ ትምጣልኝ ይልሻል።»

በሲማ ሩዝ እየለቀመች ነበር። «ምን ፈልጎ ነው?»

«አላውቅም። ሰዎች የሚያወሩትን ነግሬው ነው። አባ አጥዋ የሚለውን።» ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆመች። «እማ፣ ውሸት ነው አይደል? አንቺ እያለሽ እንዲህ አይደረግም አይደል?»

«ነገ እመጣለሁ በይው። ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል።»

ነገም ተጠራች፤ ራሴን አሞኛል አለች። ከዚያም ሻዝሊ ለሦስተኛ ጊዜ ላከባት፤ በሲማ ጓዳ ገብታ የለችም አስባለች። ምን ይዛ ትግባ? ዓይኑን እንዴት ታየዋለች? በሲማ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ፈሪ ሆና ነው። ፈሪ ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚፈራው አምኖ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ያን ዕለት ከሰዓት ሚላድ ጥቁር ቦርሳውን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ በመስኮት አየችው። የወሩን ክፍያ ሊቀበል ነው ብላ አሰበች። ከአጠገቧ አጥዋም አይቶት፣ «ክፈል፣ ክፈል፣ ለእኛው ነው፣» አለና ሳቀ።

ሐሙስ ሸህ መንሱር መጡ። በእንግዳ መቀበያው ውስጥ፣ ላስቲኩ ካልወለቀ ባለወርቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጥዋ ጭማቂ አቀረበ። ረፊቅ በሩ አጠገብ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ረሕማ ከበሲማ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እንደ ወትሮዋ ባዶ ራሷን፤ እዚህ ቤት ውስጥ የምትሸፈነው ሰው የላትማ።

«ልጄ፣» አሏት ሸሁ በሲማን፣ «ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። ሥጋ የሆነውን ባዳ፣ ባዳውን ሥጋ ማድረግ ነው። አምላክን አስቢ። ይቺን ልጅ ስንት ጊዜ አጠባሻት?»

አጥዋ የጭማቂውን ብርጭቆ በጣቱ ይዞ ያሽከረክራል። ረሕማ ፈገግ ብላ ነው የምታያት። አዎ፣ ፈገግ ብላ። ልክ የሰው ሁሉ ውሸት አሁን ሊያልቅ ነው እንደምትል ሆና።

«ሁለቴ፣» አለች በሲማ።

«ጮክ በይ ልጄ።»

«ሁለቴ ብቻ ነው ያጠባኋት። ከዚያ ወተቴ ደረቀ።»

ሸሁ ጭማቂውን ሳይነኩት ወደ ጎን ገፉት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አሏት፤ ነኝ አለች። ሌላ ምን ያድርጉ? አጥቢዋ ተናገረች፣ አለቀ።

ረሕማ አላለቀሰችም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ሻሽ አንሥታ ቀስ ብላ ፀጉሯን ሸፈነች። መጀመሪያ ከአጥዋ፣ ከዚያ ከረፊቅ ዞር ብላ፣ ግንባሯ ላይ የቀረችውን ፀጉር እንኳ በጣቷ ወደ ውስጥ አስገባች። ያን ጊዜ ነው በሲማ ምን እንዳደረገች የታያት።

«እንግዲህ ሰርጉን ማፋጠን ነው፣» አለ አጥዋ እጁን እያፋተገ። «ባዳ ሴት ከባዳ ወንድ ጋር በወንድሜ ቤት አታድርም።»

«ረፊቅን አላገባም፣» አለች ረሕማ።

«እምቢ ያለችን አስገድዶ ማጋባት የለም፣» አሉ ሸሁ ወዲያው፣ ለመሄድ እየተነሡ።

«የለም፣ የለም። ማን ያስገድዳታል?» አለ አጥዋ። «ታግባና ትኑር። ካላገባች በሩ ክፍት ነው። የራበው ሰው መንገዱን አያጣም፣ ትመለሳለች።»

ረሕማ ልብሷን ልትሸክፍ ወደ ላይ ወጣች። በሲማ ደረጃው ሥር ቆማ ሁሉንም ሰማች።

«ራስሽ ላይ ያደረግሽው ምንድን ነው?» አለ ሻዝሊ። ድምፁ ከሳሉ ጋር እየተቆራረጠ ነው።

«ሸሁ ናቸው አባ። ባዳ ነሽ ብለውኛል።»

«ሸሁ አላሳደጉሽም። አውልቂው።»

«አልችልም አባ።»

«በሲማ ምን አለች? በሲማ አልነበረችም?»

በሲማ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጇ ጨብጣ ጠበቀች። «አልነበረችም፣» አለች ረሕማ። «ሸሁ ናቸው ብቻቸውን የወሰኑት።»

ይሄ ነው እንግዲህ። ያቺ ልጅ፣ ያን ሁሉ ሆና፣ የሚሞተው ሰው በበሲማ እንዳያዝን ውሸት ተናገረችላት። ያላትን አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ ስትወርድ በበሲማ አጠገብ አለፈች። ቀና አላለችም። ሻዝሊ ስሟን እየጠራ ሲስል ከታች ድረስ ይሰማ ነበር።

ረሕማ የወንበር ትራስ ከምትሰፋው ከአሮጊቷ ከወይዘሮ ዳውለት ዘንድ ገባች። ሻዝሊን ረፊቅ ይጠብቀው ተባለ፤ ረፊቅ ሾርባውን ከአልጋው አጠገብ አስቀምጦ ይሄድና ሾርባው ይቀዘቅዛል። አርብ አለፈ፣ ቅዳሜ አለፈ። እሑድ ረፊቅ ሮጦ ወረደና «አጎቴ አይሆንም፣» አለ። በሲማ ያኔ ወጣች።

ሻዝሊ ከንፈሩ ጠቁሯል። ስታየው ደነገጠች፤ በነዚያ ቀናት ውስጥ ሰውነቱ አልቆ አንሶላው ሥር ያለ አይመስልም። አወቃት። እጇን ፈልጎ ያዛት፣ ሊናገር ሞከረ፣ ትንፋሹ አላደርስ አለው።

«አደራ፣» አላት በመጨረሻ። «ልጄን… አንቺው ነሽ… አደራ።»

«እሺ፣» አለች በሲማ። ሌላ ምን ትበል? የሚሞት ሰው ሁሉ አደራ ይላል ብላ ነው። ፊቱ ተፈታ፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው። ከመምሸቱ በፊት ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ፣ የለቅሶው ወንበር ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ ሚላድ መጣ። አጥዋ ግንባሩን ቋጥሮ ተቀበለው። ልጅቷ እምቢ እንዳለች ናት፤ ገንዘቡን ይዛ ልትሄድበት ነው ብሎ ደሙ ፈልቷል።

«ወይዘሮ በሲማ የትኛዋ ናቸው?» አለ ሚላድ።

«እኔ ነኝ።»

«ነፍስ ይማር። ሟቹ ከመሞታቸው በፊት አስጠርተውኝ ተጠቃሚውን ቀይረዋል። ከልጅቷ አንሥተው በእርስዎ ስም አድርገውታል።»

አጥዋ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሚላድ ወሬ የሚወድ ሰው ነው አላልኳችሁም? ማንም ሳይጠይቀው ቀጠለ። «‹በልጅቷ ስም ከሆነ ለገንዘቡ ሲሉ ያገቧታል› አሉኝ። ‹በበሲማ ስም ካደረግኩት የሚፈልጋት የለም፣ ልጄን ይተዋታል፤ በሲማ ደግሞ አጥብታታለች፣ አንዲት ሳንቲም አትነካባትም› አሉ። እርስዎን ሊነግሩዎት ደጋግመው ልከውብዎት አልመጡም መሰለኝ።»

በሲማ ክው አለች። ሦስቱ ጥሪዎች አንድ በአንድ ፊቷ ድቅን አሉ፤ ሩዙ፣ የራስ ምታቱ፣ ጓዳው። አንዴ ደረጃውን ወጥታ ቢሆን ኖሮ ሁሉን ትሰማ ነበር። እሱ ልጅቷን ነፃ አውጥቶላት ነበር። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። በሲማ ያን ቃል የተናገረችው በከንቱ ነው።

አጥዋ ግን ፊቱ እንደ መስከረም ሰማይ ጠራ። ሚላድ ከወጣ በኋላ ሚስቱን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አየሽ? አየሽ ወንድሜን? አገር ያወቀ ሰው ነበር።» ከዚያ ወደ ረፊቅ ዞረ። «ያቺን ልጅ ተዋት። ከእንግዲህ ምን ትሠራልናለች?» ረፊቅ ትንፋሹን ለቀቀ። እፎይ ማለቱ ይሁን ማዘኑ አልታወቀም።

በማግሥቱ በሲማ ገበያ እሄዳለሁ ብላ ወደ ወይዘሮ ዳውለት ቤት ሄደች። ረሕማ መሬት ላይ ተቀምጣ ትራስ ውስጥ ጥጥ ትጠቀጥቃለች። ስታያት ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች።

«ይግቡ፣» አለቻት።

በሲማ ደጃፉ ላይ ቆመች። ልጅቷ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ እርስዎ ብላት አታውቅም። «ረሕማ፣ እንዲህ አትበይኝ። እማ በይኝ።»

«ሁለቴ ለጠባሁት?»

በሲማ ቆማ አለቀሰች። ረሕማ ጠበቀቻት፤ አልሰደበቻትም፣ አላባበለቻትም። በሲማ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ሻዝሊ ምን እንዳደረገ፣ ለምን እንዳደረገ። ረሕማ የአባቷን ስም ስትሰማ ብቻ ፊቷ ተኮማተረ።

«ገንዘቡ ያንቺ ነው ልጄ። ለእኔ የሰጠኝ በአደራ ነው። ነገ ቢሮው አብረን እንሂድና እዚያው እጅሽ ላይ ላስቀምጥልሽ።»

«ባልዎ አብረው ይመጣሉ?»

በሲማ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«እሳቸው ፊት እምቢ ብለው ያውቃሉ፣ ወይዘሮ በሲማ? በዕድሜዎ አንድ ቀን?»

«ነገ እላለሁ። ወላሂ እላለሁ።»

«አይሉም፣» አለች ረሕማ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት የለም፤ ደክሟታል ብቻ። «እኔ አውቅዎታለሁ እኮ። ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉ?» መልሳ ቁጭ አለችና ትራሱን አነሣች። «ደህና ይሁኑ። ደረጃው የተሰበረ ነው፣ ቀስ ብለው ይውረዱ።»

በሲማ ሌሊቱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ አደረች። ይሄ አደራ ነው፣ የልጅቷ ነው፣ ብትፈታኝም ፍታኝ። ጠዋት አጥዋ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ደረጃው ሥር ሲጠብቃት፣ ቃሉን ሁሉ እንደያዘችው ነበር። ሚኒባስ ውስጥም ይዛው ነበር።

ቢሮው ውስጥ ሚላድ ከአለቃው ጋር ተቀምጧል። አለቅየው መነጽር ያደረገ፣ ትሁት ሰው ነው። መታወቂያዋን አየ፣ ወረቀቱን ገለጠ።

«አንዲት ነገር ብቻ ናት፣» አለ። «ሟቹ ዝምድናዎን ሲያስጽፉ ‹ልጄን ያጠባች እናቷ› ነው ያሉት። ሚላድ ‹የወንድም ሚስት› ልበል ቢላቸው እምቢ አሉ። እኛ ደግሞ በተጻፈው መሠረት የሚያረጋግጥልን እንፈልጋለን። እርስዎ የልጃቸው የጡት እናት ነዎት?»

በሲማ ገና አፏን ሳትከፍት አጥዋ ወንበሩን ስቦ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«እንዴታ፣» አለ። «ምን ጥያቄ አለው? ዓመት ሙሉ ነው ያጠባቻት። የእኛዋ ሕፃን ሞታ፣ ያቺን በእሷ ፈንታ ይዛ። ከጡቷ አልወረደችም እኮ ጌታው። ጥርስ አብቅላ ስትነክሳት ደም አይቼ ‹ይቺ ድመት ናት ልጅ?› ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩን ጠይቁ። አምላክ ምስክሬ ነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ አጥዋ ሲናገር ራሱን ያምናል።

አለቅየው ልቡ ተነካ። «እርስዎስ ምን ይላሉ ወይዘሮ?»

በሲማ ባሏን አየችው። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ነበር። «ይሄን ገንዘብ፣» አለች፣ «በልጅቷ ስም ማድረግ ይቻላል?»

አጥዋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠ።

«አይቻልም፣» አለ አለቅየው። «ከእሷ አንሥተው ወደ እርስዎ ያዞሩት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። የሚመልሱት ደግሞ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እርስዎ አልቀበልም ካሉ፣ ወይም እናቷ ካልሆኑ፣ ለሕጋዊ ወራሽ ይሄዳል።»

«ወራሹ ማን ነው?»

«ወንድማቸው፣» አለ ሚላድ አጥዋን በአገጩ እያመለከተ።

ከዚህ በኋላ ተቀብላ ባሏን እምቢ ማለት ነበር የሚቀራት። አጥዋ በለስላሳ ድምፅ፣ «የረፊቅ እናት፣ ንገሪያቸው እንጂ፣» አላት። ለስላሳ ድምፁን ስትሰማ ያ ሁሉ ቃል ከጉሮሮዋ ወረደ።

«ዓመት ሙሉ፣» አለች በሲማ። «ዓመት ሙሉ ነው ያጠባኋት።»

እውነት ነበር። ፈረመች። ቼኩን አለቅየው ለእሷ ዘረጋላት፤ ገና ጣቷ ሳይጨብጠው አጥዋ ተቀብሎ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ከላይ በእጁ መታ መታ አደረገው።

ሚላድ እስከ በሩ ሸኛቸው። «ልጅዎን እግዜር ያኑርልዎ፣» አላት በሲማን፣ ሰው ለእናት እንደሚለው።

«አሜን፣» አለ አጥዋ ቀድሞ፣ ሚስቱንም በክርኑ ነካ አደረጋት። እሷም አሜን አለች።